ጥንዚዛው እንግዳ ሆኖ የዋለበት ቀን

ተረት ልንገራችሁ፣ እናንተም እሺ በሉኝ።

በአንድ ጓሮ ውስጥ ጭራውን እንደ ጊንጥ ቀስሮ የሚሮጥ ጥቁር ጥንዚዛ ነበር። ትሉም ጉንዳኑም ገና ከሩቅ ሲያየው ስለሚሸሽ የሚያጫውተው አልነበረም። አንድ ጠዋት፣ እጆቿን አጥፋ እንደ ጸሎተኛ ቅጠል ላይ የቆመች የእግዜር ፈረስ አገኘ። እሷ አልሸሸችም።

«እትዬ፣ እርስዎ አይፈሩኝም?» አላት።

«ምን ያስፈራኛል ልጄ? አንተም አዳኝ፣ እኔም አዳኝ። አንተ ሮጠህ ትይዛለህ፣ እኔ ቆሜ እጠብቃለሁ። ብቻ አደራ፣ ፊት ለፊቴ አትንቀሳቀስ። የሚንቀሳቀስ ነገር ካየሁ እጄ አይታዘዘኝም።»

ጥንዚዛው ጭራውን አውርዶ ሳይንቀሳቀስ ተቀመጠ። ስለ ዝናቡም፣ ጓሮውን እየጫረች ስለምትለቅማቸው ክፉ ዶሮም ሲያወሩ ዋሉ። እንዲህ ተጫውቶ አያውቅም።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ራበው። ለመሄድ ደግሞ መንቀሳቀስ አለበት። እሷም ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሰችም። አንድ እግሩ ሳያስበው ተንቀጠቀጠ። የታጠፉት እጆቿ ቀስ ብለው ተነሡ።

«እትዬ!» አለ።

የእግዜር ፈረስ አንገቷን እስኪያማት ድረስ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች።

«ቶሎ ሂድ» አለችው። «ነገም ና፤ ስትመጣ ግን ከሩቅ ተጣራ።»