ይመር ባሕሩን እንዴት ተሻገረ

በ1958 ዓ.ም.፣ በሐምሌ ወር ነው። ደጋው ላይ ዝናብ ነበር። ባሕሩ ዳር ግን ሰማዩ ነጭ፣ ነፋሱ ትኩስ፣ አሸዋው የሚያቃጥል ነበር። ይመር ሰይድ የተባለ የወሎ ገበሬ ጨው ሊጭን ከመጣ መኪና ላይ ረፋድ ላይ ወረደና ባሕሩን አየ። በዕድሜው አይቶት አያውቅም። «ብዙ ነው» አለ። ከዚህ በላይ አልተናገረም። ይመር ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር።

ከተማዪቱ ትንሽ ናት። አንድ መስጊድ፣ አንድ የውኃ ጉድጓድ፣ ጥቂት የጣውላ ቤቶች፤ በቃ። መኪና የሚመጣው ሲመጣ ነው። ከፊቷ አንዲት ደሴት አለች። እዚያች ደሴት ላይ ለመርከቦች መብራት የሚያበራ ሰው አለ፤ ሚስቱ መዲና የይመር ልጅ ናት። መዲና ሴት ልጅ ወልዳለች፤ ነገ ማለዳ ለሕፃኗ ስም ይወጣል። «አባዬ ያውጣላት» ብላ ልካለች። አባቷ ካልደረሰ ግን የባሏ አጎት ያወጣል፤ አንዴ የወጣ ስም ደግሞ አይመለስም። ይመር የፈለገው ይህን ብቻ ነው፤ ዛሬውኑ ተሻግሮ የልጅ ልጁን ማየት።

ማንንም ሳያናግር ወደ ባሕሩ ወረደ። የምታሻግር ጀልባ አንዲት ናት። ባለቤቷ ሑመድ ጥላዋ ሥር ተጋድሟል።

«አሻግረኝ» አለው ይመር።

«እኔም ደኅና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለ ሑመድ ሳይነሣ። «የጀልባዋ ሸራ ተቀዷል። ሸራ ሰፊዋ አይሻ ትስፋልህ።»

ሸራ ካልተሰፋ ጀልባ አይሄድም፣ ጀልባ ካልሄደ ይመር የልጅ ልጁን አያይም። ይመር ሸራውን ተሸክሞ ወደ አይሻ ሄደ።

«ስፊልኝ።»

«በምኔ ልስፋው አባባ፣ በጥርሴ?» አለችው አይሻ። «ትልቁ መርፌዬ ጎብጦ ቀጥቃጩ ቃሲም ቤት ነው።»

መርፌ ካልቀና ሸራ አይሰፋም፣ ሸራ ካልተሰፋ ጀልባ አይሄድም፣ ጀልባ ካልሄደ ይመር የልጅ ልጁን አያይም። ይመር ወደ ቃሲም ሄደ።

«አቅናልኝ።»

«መርፌው ይኸው፣ መዶሻው ይኸው» አለ ቃሲም። «እሳት ግን የለም። ከሰሌ በግመለኛው ያሲን ግመል ላይ እንደ ተጫነ ከተማው ዳር ቀርቷል። ግመሏ ተኝታለች።»

ግመል ካልተነሣች ከሰል አይመጣም፣ ከሰል ካልመጣ እሳት አይነድም፣ እሳት ካልነደደ መርፌ አይቀናም፣ መርፌ ካልቀና ሸራ አይሰፋም፣ ሸራ ካልተሰፋ ጀልባ አይሄድም፣ ጀልባ ካልሄደ ይመር የልጅ ልጁን አያይም። ይመር ወደ ከተማው ዳር ሄደ። ያሲን የግመሏን ገመድ ይጎትታል፤ ግመሏ ሌላ ሌላውን ታያለች።

«አስነሣት።»

«አንተ ደገኛ፣ ግመል ታውቃለህ?»

«በሬ አውቃለሁ።»

«እንግዲያው በሬህን ሄደህ አስነሣ። ይቺ ውኃ ካልጠጣች አትነሣም። ውኃ ቀጂው ዲኒ ደግሞ ከረፋድ ጀምሮ ተኮሳትሮ ለማንም አልቀዳም ብሏል።»

ይመር ወደ ጉድጓዱ ሄደ። ሽማግሌው ዲኒ ባልዲውን ገልብጦ ተቀምጦበታል።

ዲኒ ካልተነሣ ውኃ አይቀዳም፣ ውኃ ካልተቀዳ ግመል አትነሣም፣ ግመል ካልተነሣች ከሰል አይመጣም፣ ከሰል ካልመጣ እሳት አይነድም፣ እሳት ካልነደደ መርፌ አይቀናም፣ መርፌ ካልቀና ሸራ አይሰፋም፣ ሸራ ካልተሰፋ ጀልባ አይሄድም፣ ጀልባ ካልሄደ ይመር የልጅ ልጁን አያይም።

«ተነሥ» አለ ይመር።

«አልነሣም» አለ ዲኒ። «ዛሬ አንድ ሰው ከመኪና ወርዶ በፊቴ አለፈ። በእኛ ዘንድ መንገደኛ ዳጉ ሳይሰጥ አያልፍም። ቁጭ ብሎ ከየት እንደ መጣ፣ በመንገድ ምን እንዳየ፣ የት እንደ ዘነበ፣ ማን እንደ ሞተ፣ ማን እንደ ወለደ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ውኃ ይጠይቃል። ያ ሰውዬ ግን ምላሱን ቤቱ ረስቶት መጣ።»

«ማን ነው ሰውየው?»

ሽማግሌው በጣቱ ወደ እሱ ጠቆመ። ይመር የገዛ እግሮቹን አየ።

ፀሐይዋ ማዘንበል ጀምራለች። ይመር አሸዋው ላይ ቁጭ አለ፤ ጉሮሮውንም ጠረገ።

«ከደጋ መጣሁ። ዘነበ።»

«እሺ።»

«ብዙ ዘነበ።»

«እሺ።»

«እኛ እንደ ተሻገርን ከኋላችን ወንዙ ሞላ። የተከተለን መኪና ወዲያ ማዶ ቀረ።»

«የቱ ወንዝ?» አለ ዲኒ።

«ከተራራው ሥር ወደዚህ የሚወርደው። ዳር ዳሩ ግራር አለው።»

«ፍየሎቼ የዚያው ወንዝ ደረቅ መውረጃ ውስጥ ናቸው፤ ጎርፉ ሊደርስባቸው ነው» አለ ዲኒ። ወዲያው ምራቱን ጠርቶ ፍየሎቹን ወደ ከፍታው እንድታወጣ አሯሯጣት። ከዚያም ወደ ይመር ተመልሶ «ቀጥል» አለው።

ይመር ቀጠለ። የወይፈኑን መታመም፣ የጎረቤቱን ሠርግ፣ የሾፌሩን ማንኮራፋት ሳይቀር ተናገረ። ሚስቱ እዚያ ብትኖር ባሌ ነው ብላ አታምንም ነበር።

በመጨረሻ ዲኒ ተነሣ። ዲኒ ሲነሣ ውኃ ተቀዳ፣ ውኃ ሲቀዳ ግመል ጠጥታ ተነሣች፣ ግመል ስትነሣ ከሰል መጣ፣ ከሰል ሲመጣ እሳት ነደደ፣ እሳት ሲነድ መርፌ ቀና፣ መርፌ ሲቀና ሸራ ተሰፋ፣ ሸራ ሲሰፋ ጀልባ ሄደ። ባሕሩ መካከል ሲደርሱ ሑመድ «በል እንጂ፣ ዳጉውን» አለ፤ ይመርም ከሾፌሩ ማንኮራፋት ጀመረለት።

ጀንበር ሳትጠልቅ ደሴቷ ላይ ወረዱ። መዲና አባቷን ስታይ መጀመሪያ አለቀሰች፤ ቀጥላ ሳቀች፤ ቀጥላ ሕፃኗን አስታቀፈችው። «ስም አስበህላታል አባዬ?» አለችው።

ይመር የልጅ ልጁን አየ። ከመንገደኛ ሁሉ ይልቅ ከሩቅ የመጣችው እሷ ናት። ስሟን ከማውጣቱ በፊት ዳጉዋን ሊሰማ ወሰነ። ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ፊቱን ወደ ፊቷ አስጠጋና «ከየት መጣሽ? በመንገድ ምን አየሽ?» ሲል ጠየቃት። ከዚያም መልሷን ይጠብቅ ጀመር።