በሦስት ቁልፍ የተዘጋችው ባጃጅ

ምእመናን፣ ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት ባጃጅ ነው። ባጃጅና ስብከት ምን አገናኛቸው እንዳትሉኝ፤ አነዳዳቸውን እያየን ስንት ጊዜ ጸልየናል!

አንድ ሰው ነበር። አሸዋና ሲሚንቶ የሚያመላልስባት የጭነት ባጃጅ አለችው። ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን የሚያሳድረው በእሷ ነው። ዘይቷን በጊዜው ይቀይራል፣ ጎማዋን ያስነፋል፣ ከሥራ ሲገባ በጨርቅ ይወለውላታል። ሚስቱ ብርቅነሽ፣ «እኔን አንድ ቀን እንዲህ ወልውለኸኝ ታውቃለህ?» እያለች ትስቅበታለች።

ይህ ሰው ለአጎቱ ተዝካር አገር ቤት ሊሄድ ተነሣ። ባጃጇ ሁለት ሳምንት ልትቆም ነው። ምን ላድርጋት ብሎ መካኒኩን ጋሽ ደምሰውን ጠየቃቸው። እሳቸው የሌላ ሰው ሞተር እያስጮሁ ነበርና ከመለሱለት ውስጥ የሰማው መጨረሻውን ብቻ ነው፦ «...ደህና አድርገህ ዝጋ!»

ዘጋ። ምኑን ዘጋ? ማታውኑ ባጃጇን ከመኝታ ቤታቸው ጎን ባለችው ጓዳ አስገባና በሩን ዘጋ። ጓዳዋንና መኝታ ቤቱን የሚለየው ስስ ጣውላ ብቻ ነው። መስኮቷን አቧራ እንዳይገባ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቀጠቃት። በሩ ላይ ሦስት ቁልፍ! ጠዋት ቁልፎቹን ኪሱ ከተተና፣ «አሁን ሌባ ይምጣ!» ብሎ አውቶቡስ ተሳፈረ።

ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሄዱ ጋሽ ደምሰው ደወሉ።

«ዘጋህ ወይ?»

«በሦስት ቁልፍ!» አለ ኮራ ብሎ።

«የምን ቁልፍ? እኔ ያልኩህ የቤንዚኗን መዝጊያ ነው! ካርቡሬተሯ ያንጠባጥባል አላልኩህም? የት ነው ያቆምካት?»

ያን ጊዜ ሰውየው ብርቅነሽ ስትሸኘው ያለችው ትዝ አለው። «የልጆቹን ዩኒፎርም ልተኩስ ነው።» በምን? በከሰል ካውያ። የት? መኝታ ቤት፣ ከዚያችው ጣውላ ሥር። ሽታውማ ነበረ። ግን የቤንዚን ሽታ ለእነሱ ቤት ምኑ ብርቅ ነው? ለምደውታል።

ለሚስቱ ደወለ። «የደወሉላቸውን ደንበኛ ለጊዜው ማግኘት አይችሉም።» ደገመ። አሁንም አይችሉም።

«ጋሽ ደምሰው፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ይሩጡልኝ!» አለና «ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ። ከአውቶቡስ ሲዘል ቁልፎቹ ኪሱ ውስጥ ተንሿሹ። ሌባን ያስቀሩለት የነበሩት ቁልፎች አሁን ሊረዳው የሚሮጠውን ሰው ውጭ ሊያስቀሩት ነው። ፈራ፤ እንደዚያን ቀን ፈርቶ አያውቅም።

በአሸዋ መኪና ተንጠላጥሎ ግቢው ሲደርስ በሩ ተገንጥሎ ወድቋል። ባጃጇ ደጅ ወጥታ ፀሐይ ላይ ቆማለች። ጋሽ ደምሰው ፌሮ ብረታቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ያለከልካሉ። አጥሩ ጥግ ካውያው ተገልብጧል፤ ውኃ የፈሰሰበት ከሰል ጠቁሯል። ብርቅነሽ ትንሹን ልጅ አዝላ ቆማለች።

«ፍሙን ካውያው ውስጥ ጨምሬ ልገባ ስል ነው ‹ጣይው!› እያሉ የደረሱት» አለችው። ከዚያ ፈራ ተባ እያለች፣ «በርህን ግን ሰበሩብህ።»

«እሰይ! እንኳን ሰበሩት!» አለ። ሚስቱን አቅፎ አለቀሰ፤ እያለቀሰም ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ጋሽ ደምሰው ተነሥተው የቤንዚኗን መዝጊያ በሁለት ጣት ዞር አደረጉት። መንጠባጠቡ ቆመ። «ይህችን ነበር ያልኩህ» አሉት። «የባትሪዋን ገመድ ንቀል፣ አየር በሚያገኛት ቦታ ከእሳት አርቀህ አቁማት፣ ቤንዚኗን ደህና አድርገህ ዝጋ። በቃ፤ ሌላ ምንም አላልኩም።»

ምእመናን፣ እናንተስ ምኑን ዘጋችሁ?

በጾሙ ሥጋውን ዘጋን፣ ቅቤውን ዘጋን፤ በሦስት ቁልፍ! ጎሽ። ውስጥ ግን ከወንድማችን ጋር የተኮራረፍነው ነገር አለ። ጠባችን ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ይሸታል፤ ግን ለምደነዋል። ሊያስታርቅ የመጣ ሽማግሌ፣ ሊመክሩ የመጡ የንስሐ አባት በሩ ላይ ቆመዋል። ቁልፉ ያለው ማን ኪስ ውስጥ ነው?

አትደንግጡ። ልጆቹ ተርፈዋል፤ የእናንተም ቤት ገና አልተቃጠለም። ተመስገን በሉ፣ ጊዜ አላችሁ። ብቻ ዛሬ ቤት ስትገቡ በሩን ክፈቱትና ጠቡን ዝጉት። ሁለት ጣት ይበቃል። ስልካችሁን አንሡና ለዚያ ለተቀየማችሁት ሰው ደውሉለት።

«ማግኘት አይችሉም» ሳትባሉ ደውሉለት።