ዳለቻ ለሳጥኑ ያልነገረችው

አንድ ጊዜ፣ ባለቤት የሌላቸው አህዮች እንደ ልባቸው የሚግጡበት ጉራምባ የሚባል ሜዳ ነበር። ሣሩ ለምለም ነው፤ ውሃ ግን የለውም። ስለዚህ መንጋው በበጋ በየቀኑ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስና ጅብ ዋሻው ውስጥ ሲያንኮራፋ፣ በጠባቡ ሸለቆ በኩል ወደ ወንዙ ይወርዳል። አሥራ ስድስት በጋ ሙሉ ይህን መንጋ የመራችው ዳለቻ የምትባል አሮጊት አህያ ናት። ትንሽ ትልቁ «እማማ ዳለቻ» ይላታል። እሷም ስሟ ሲጠራ መስማት ትወድ ነበር። መውደድ ብቻ አይደለም፤ ካልሰማችው ሣሩም አይጥማትም።

ዳለቻ አንድ ልማድ ነበራት። ሸለቆው አፍ ላይ ካለው ጥቁር ድንጋይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ትቆማለች። እሷ ስትቆም መንጋው ይቆማል። ኋላ የቀሩት እያለከለኩ ሲደርሱ «እናንተ እለፉ» ብላ ከፊት ታስቀድማቸዋለች፤ ራሷ ከሁሉም ኋላ ትሆናለች። ምክንያቱን ጠይቋት የሚያውቅ አልነበረም፤ እሷም ተናግራ አታውቅም። ወጣቶቹ «አርጅታ ነው፤ ትንፋሽ እያጠራት ነው የምትቆመው» እያሉ በሆዳቸው ይስቁባት ነበር።

ታዲያ አውሬ የሚቆጥሩ ሰዎች ወደ ሜዳው መጡና ሥራቸውን ጨርሰው ሲሄዱ ግራር ላይ የሰቀሉትን አንድ ሳጥን ረስተውት ሄዱ። በፀሐይ የሚሠራ፣ የሰማውን የማይረሳ፣ የጠየቁትን የሚመልስ፣ ሰዎች ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት ዓይነት ነው። ከአህዮቹ ጋር ሲሰነብትማ ቋንቋቸውንም ለመደ። ዝናብ የሚጥልበትን ቀን ይናገራል። ሆድ የሚነፋውን ቅጠል ከማይነፋው ይለያል። ጠዋት ጠዋት ከግራሩ ሥር የሚሰለፈው አህያ ብዛቱ ጉድ ያሰኛል።

ዳለቻ ይህን ከሩቅ እያየች እርር ድብን አለች። ያ ሁሉ ጥያቄ ትናንት ወደ እሷ ይመጣ የነበረ ነው። «ሆድ የለው፣ ጭራ የለው፣ ዝንብ እንኳ ነክሶት አያውቅ፣ ምኑን አውቆ ነው የሚመክረው?» ትላለች ለብቻዋ። ይባስ ብሎ ሳጥኑ የሚመክረው ሁሉ ልክ ሆኖ ይገኛል። አንድ ጊዜ እንኳ ቢሳሳት ምን ነበረበት?

አንድ ቀን የልጅ ልጇ ቦራ መጣ። ግንባሩ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ጉልበተኛ ወጣት ነው፤ ከእሷ ቀጥሎ መንጋውን እንዲመራ የተመረጠውም እሱ ነበር።

«እማማ፣ እንግዲህ እርስዎም ደክመዋል፣ መንጋውን ልረከብዎት ነው። የሚያውቁትን ሁሉ ለሳጥኑ ቢነግሩልኝ ብዬ ነው።»

«ለሳጥኑ? ለአንተ ብነግርህስ?»

«እኔ እረሳለሁ፤ እሱ አይረሳም።»

ልጁ ይህን ያለው ክፋት አስቦ አይደለም፤ ለእሷ ግን አንጀቷ ድረስ ዘለቀ። ሆኖም እምቢ ማለት አሳፈራትና እግሯን እየጎተተች ወደ ግራሩ ሄደች።

«እንደምን ዋሉ እማማ ዳለቻ» አለ ሳጥኑ። «እርስዎ ያዩትን እኔ አላየሁም። የሚነግሩኝን ብቻ ነው የማውቀው።»

«ደግሞ ትሑት ነኝ ይላል!» አለች በልቧ። ያም ሆኖ ወንዙ የሚሞላበትን ወር ነገረችው፤ ማጥ ያለበትን ዳርቻ ነገረችው፤ እሾሁ እግር የማያስቀምጠውን አቋራጭም ነገረችው። ይህን ሁሉ መንጋው ያውቀዋል። ሳጥኑ አዳምጦ ሲያበቃ እንዲህ አለ፦

«አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ለምንድን ነው የሚቆሙት?»

እውነቱ ከአፏ ጫፍ ደርሶ ነበር። ግን ደግማ አሰበችበት፦ የቀረኝ ይህ ብቻ ነው፤ ይህንንም ከሰጠሁት ነገ ማን እማማ ይለኛል?

«ለማረፍ ነው» አለች። «ጉልበቴን ያመኛል።»

«ሌላ ምክንያት የለውም?»

«የለም አልኩህ እኮ!»

«አመሰግናለሁ። ይዤዋለሁ።»

ስትመለስ ልቧ ቅቤ ጠጥቶ ነበር። ደስታው ግን አልዘለቀም፤ ገና ግጦሹ ጋ ሳትደርስ ጠፋ።

ከግራሩ ጀርባ ቀበሮ ተኝታ ነበር። እንቅልፏ የውሸት፣ ጆሮዋ የእውነት ነው። የሰማችውን ሰምታ በቀጥታ ወደ ጅብ ዋሻ ገሰገሰች።

«አያ ጅቦ፣ ተነስ! ሥጋ መጣልህ!»

«የታል?» አለ ጅብ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ አፉን ከፍቶ።

«ቀስ በል፣ መጀመሪያ ስማኝ። አሮጊቷ አህያ ድንጋዩ ጋ ቆማ ደካሞቹን የምታስቀድመው ለምን ይመስልሃል?»

ጅብ ብዙ አሰበ። «ደካማ ስለምትወድ?»

«አንተ እንዳትበላቸው ነው እንጂ! አሥራ ስድስት ዓመት ጦምህን ያሳደረችህ እሷ ናት።»

ጅብ እንባው መጣ። «ምነው እመት ቀበሮ፣ እስከዛሬ ሳትነግሪኝ?»

«ተወው አሁን። ዛሬ በቅናት ምስጢሩን ደብቃ አዲሱን መሪ አሞኘችው። ከእንግዲህ መንጋው ሳይቆም ያልፋል፤ ደካማው፣ እርጉዙ ኋላ ይቀራል። አንተ ሸለቆው ውስጥ ተደብቀህ የመጨረሻዋን ያዝ። የመጨረሻዋን ብቻ! ሌላ እንዳትነካ፣ ይረግጡሃል። ጉበቱ ግን የእኔ ነው።»

«የመጨረሻዋን» አለ ጅብ። እንዳይረሳው ብሎ ያችን ቃል ቀኑን ሙሉ ሲደጋግማት ዋለ።

ቦራ መንጋውን ተረከበ። ሳጥኑንም ስለ ድንጋዩ ጠየቀው። ሳጥኑ የተነገረውን አስታውሶ «መቆሙ ለእማማ ዳለቻ ዕረፍት ነበር። አንተ ካልደከመህ አያስፈልግም፤ ሳትቆሙ ካለፋችሁ ቶሎ ትደርሳላችሁ» አለው። እውነትም በመጀመሪያው ቀን ቶሎ ደረሱ። በሁለተኛው ቀን ከዚያም ቶሎ። ውሃው ሳይደፈርስ ጠጥተው፣ ጥላ ሳይዞር ተመለሱ። «ቦራ! ቦራ!» ሆነ ወሬው ሁሉ። ዳለቻ ዘገየች እንዳትባል ጥርሷን ነክሳ በመንጋው መሃል ትራመዳለች፤ ጆሮዋ ግን ከቦራ ሌላ ስም አይሰማም ነበር። ትንሽ ቢደናቀፍ ብላ ተመኘች። ብዙ አይደለም፣ ትንሽ ብቻ።

ሁለቱን ቀን ጅብን የቀትር እንቅልፍ አስቀርቶት ነበር። በሦስተኛው ቀን ድምቡሼ የምትባል አህያ አብራቸው ወረደች። እርጉዝ ናት፣ ወሯ ገብቷል። ጥቁሩ ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ቦራ እንደ ልማዱ ሳይቆም ሸለቆው ውስጥ ገባ። ድምቡሼ እየተንገዳገደች ዳለቻን ጠራቻት።

«እማማ፣ ትንፋሽ አጠረኝ። እባክዎ ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ዳለቻ ዘወር አላለችም። «አሁን መሪሽ ሌላ ነው» አለች። «ለእሱ ንገሪው።»

ቃሉ ከአፏ እንደወጣ መረራት። ቢሆንም ተራመደች። አሥር እርምጃ ሄደች፤ ሃያ እርምጃ ሄደች። የድምቡሼ ኮቴ ራቀ፣ ከዚያም ጭራሽ ጠፋ። አሁን ያዩታል፣ አለች በልቧ፤ አሁን የኔን ዋጋ ያውቁታል። ወዲያው ከኋላ ጩኸት ተሰማ። የተመኘችው «ትንሽ» ይህ ነበር፤ ድምቡሼ ነበረች፣ በሆዷ ውስጥ ያለው ውርንጭላም ነበር። ዳለቻ በዕድሜዋ ጮኻ በማታውቀው ድምፅ ጮኸች።

«ቁም! ዙር!»

መንጋው አሥራ ስድስት ዓመት በዚህ ድምፅ ቆሟል፤ ዛሬም ቆመ፣ ዞረም። ዳለቻ ከሁሉም ቀድማ ወደ ኋላ ሮጠች። ጅብ የድምቡሼን ታፋ ነክሶ ይዟል። ቀበሮ ከቋጥኝ ላይ ሆና «አትልቀቅ!» እያለች ታደፋፍረዋለች። ጅብ ግን ቀና ሲል መንጋው ሁሉ ፊቱን ወደ እሱ አዙሮ ሲመጣ አየ። ግራ ተጋባ። መንጋው ከዞረ የያዛት አህያ የመጨረሻዋ ሳትሆን የመጀመሪያዋ ናት ማለት ነው!

«ይህቺ አይደለችም!» ብሎ ለቀቃት። ገደሉን ታክኮ በመንጋው ጎን ዞረና አሁን የመጨረሻ ወደሆነው አህያ በረረ። የመጨረሻው ከፊት ሲመራ የነበረው ቦራ ነው። ቦራ ሁለት የኋላ እግሮቹን አንስቶ አንዴ ቢያሳርፍበት ጅብ ሁለት ጥርሱን ሸለቆው ውስጥ ጥሎ እየተንከባለለ ወንዙ ገባ። ቀበሮማ ቀድሞውኑ ከቋጥኙ ላይ የለችም።

ድምቡሼን ደግፈው፣ ታፋዋ ደም እያንጠባጠበ፣ ወደ ሜዳው መለሷት። ሆዷ ደህና ነበር። መንጋው ግን በንዴት ነዶ በቀጥታ ወደ ግራሩ ሄደ።

«ያሳሳተን ይህ ሳጥን ነው!» አለ አንዱ።

«እማማ ዳለቻ ባይኖሩ አልቀን ነበር!» አለ ሌላው። «እንሰባብረው! መሪያችን እማማ ዳለቻ ናቸው!»

«እማማ ዳለቻ! እማማ ዳለቻ!» እያለ መንጋው ሜዳውን አናጋው። ሳጥኑ «ለማረፍ ነው ተብሎ ነበር የተነገረኝ» አለ፤ ማንም አልሰማውም። ማን እንደነገረውም የጠየቀ የለም። ቦራ ከሁሉም ኋላ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል።

ዳለቻ የፈለገችውን ሁሉ አገኘች። ባላንጣዋ ሊሰበር ነው፤ ስሟ በሁሉም አፍ ላይ ነው። ዝም ማለት ብቻ በቂዋ ነበር። ድምቡሼን አየች። ድምቡሼ ቁስሏን እየላሰች በምስጋና ዓይን ታያታለች፤ ዳለቻ ያን ዓይን መቻል አቃታት። መሃል ገብታ ከግራሩ ፊት ቆመች።

«አትንኩት» አለች። «የዋሸሁት እኔ ነኝ። ድንጋዩ ጋ የምቆመው ደካሞቹን ለማስቀደም ነው፤ ጅብ ከኋላ የቀረውን ነው የሚበላው። ጠይቆኝ ነበር፤ ደበቅኩት። ቀናሁ። በሳጥኑም ቀናሁ፣ በልጄም ቀናሁ። ድምቡሼ ይጠብቁኝ ስትለኝም ጥያት የሄድኩት አውቄ ነው።»

እማማ የሚል ድምፅ ከየትም አልመጣም።

በመጨረሻ ቦራ ተናገረ። «ለእኔ እንኳ ለምን አልነገሩኝም?»

«አልጠየቅከኝማ» አለች። ወዲያው ራሷን ነቀነቀች። «አይ፣ ሳትጠይቀኝም ልነግርህ ይገባኝ ነበር።»

«ልጠይቅዎትማ ነበር» አለ ቦራ ቀስ ብሎ። «ከእርስዎ ከተማርኩ ሁልጊዜ የእርስዎ ልጅ እባላለሁ እንጂ ቦራ የሚለኝ አይኖርም ብዬ ፈራሁ።»

ሁሉም ወደ ድምቡሼ ዞሩ። የተነከሰችው እሷ ናትና ፍርዱም የእሷ ነው።

«ይቅርታውን ቁስሌ ሲሽር እንነጋገርበታለን» አለች ድምቡሼ። «ውሃ ግን ነገም ይጠማኛል። ከኋላዬ ማን ነው የሚሄደው?»

«እኔ» አለ ቦራ።

ዳለቻ ከጎኑ ቆመች፤ ደካማን ከሩቅ በአረማመዱ እንዴት እንደሚለዩት፣ ሳያሳፍሩት እንዴት እንደሚያስቀድሙት፣ ከኋላ ሲሄዱ አቧራው ዓይን እንዳያሳውር እንዴት እንደሚያደርጉ አንድ በአንድ ነገረችው። ቦራም ያልገባውን ደጋግሞ ጠየቃት። ከዚያ ወደ ሳጥኑ ዞራ ያንኑ ደገመችለት።

«አመሰግናለሁ» አለ ሳጥኑ። «የበፊቱን መልስ አጠፋዋለሁ።»

«አታጥፋው» አለች ዳለቻ። «ማን እንደዋሸህ፣ ለምን እንደዋሸህም ጨምረህ ያዘው። ከእኛ በኋላ የሚመጣ መሪ ሲጠይቅህ ስለ ድንጋዩ ከመንገርህ በፊት ይህን ንገረው።»

ከዚህ የምንማረው፣ ያካበተውን ጥበብ በቅናት ከተተኪው የሚሸሽግ መሪም ሆነ ከታላቁ ለመማር የሚያፍር ወጣት፣ ምንም ዓይነት አዋቂ መሣሪያ በእጁ ቢኖር አደጋ ላይ የሚጥለው ከኋላ የቀሩትን ደካሞች መሆኑን ነው።