የጋሽ ዘርጋው ጡሩንባ

ይህች ተረት አጭር ናት፤ ጭራዋ ግን ረጅም ነው። እንዳትረግጡባት ቀስ ብላችሁ ስሙ።

ጋሽ ዘርጋው የሰፈሩ እድር ጡሩንባ ነፊ ነበሩ። አንድ ጠዋት ሲነፉ ራሳቸውን አዞራቸውና አጥር ተደገፉ። ሚስታቸው ወይዘሮ ትሁኔ ጡሩንባዋን ነጥቀው ሳጥን ውስጥ ቆለፉባት።

«የግፊት ኪኒንህን ሳታመጣ አታገኛትም፣ አንተ ሰውዬ!»

ጋሽ ዘርጋው ጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት ሄዱ። «ልጄ፣ ኪኒን ስጪኝ፤ ኪኒን ከሌለ ትሁኔ ጡሩንባ አትሰጠኝም።»

«ማዘዣ ከሌለ ኪኒን የለም፣ አባባ» አለች ፋርማሲስቷ።

ዶክተሩ ጋ ሄዱ። ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደርሷል። «ዶክተር፣ ማዘዣ ጻፍልኝ፤ ማዘዣ ከሌለ ኪኒን የለ፣ ኪኒን ከሌለ ጡሩንባ የለ።»

«እኔ አንድ፣ በሽተኛው ሺህ! አዲሷ ነርስ ሲስተር ሐሊማ ግፊትና ስኳር ልትከታተል፣ መድኃኒትም ልታዝ ተጨማሪ ትምህርት ተምራ መጥታለች። እሷ ጋ ይሂዱ።»

ሲስተር ሐሊማ የግፊት መለኪያዋን ታቅፋ ዛፍ ሥር ተቀምጣለች። «ሲስተር፣ መርምሪኝ፤ ካልመረመርሽኝ ማዘዣ የለ፣ ማዘዣ ከሌለ ኪኒን የለ፣ ኪኒን ከሌለ ጡሩንባ የለ።»

«በደስታ፣ ጋሼ! ግን ክፍሌ ተቆልፏል። ቁልፉ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ኪስ ነው።»

ኃላፊው ጋ ሄዱ። «ጌታዬ፣ ክፍሉን ክፈቱ፤ ክፍሉ ካልተከፈተ ሲስተር አትመረምር፣ ካልመረመረች ማዘዣ የለ፣ ማዘዣ ከሌለ ኪኒን የለ፣ ኪኒን ከሌለ ጡሩንባ የለ።»

«የእድራችሁ ሰው አይደል እንዴ ‹በነርስ አንታከምም› ብሎ የጮኸው? እድሩ ካልተስማማ አልከፍትም።»

ጋሽ ዘርጋው አንገታቸውን ደፉ። ያን ቀን ከሁሉም በላይ የጮኹት እሳቸው ነበሩ።

የእድሩ ዳኛ ጋ ሄዱ። «ዳኛ፣ ወስንልኝ፤ ካልወሰንክ ክፍሉ አይከፈት፣ ካልተከፈተ ሲስተር አትመረምር፣ ካልመረመረች ማዘዣ የለ፣ ማዘዣ ከሌለ ኪኒን የለ፣ ኪኒን ከሌለ ጡሩንባ የለ።»

«ያለ ስብሰባ ምን እወስናለሁ? ሰው ደግሞ ያለ ጡሩንባ አይሰበሰብ። ሂድና ንፋ!»

ጋሽ ዘርጋው እያለከለኩ ቤት ገቡ። «ትሁኔ፣ ጡሩንባዬን! ጡሩንባ ከሌለ ሰው አይሰበሰብ፣ ካልተሰበሰበ ዳኛው አይወስን፣ ካልወሰነ ክፍሉ አይከፈት፣ ካልተከፈተ ሲስተር አትመረምር፣ ካልመረመረች ማዘዣ የለ፣ ማዘዣ ከሌለ ኪኒን የለ፣ ኪኒን ከሌለ...» ትንፋሽ አጠራቸው።

«ኪኒን ከሌለ ጡሩንባ የለም» ብለው ወይዘሮ ትሁኔ ጨረሱላቸው። ሊስቁ ነበር፤ ግን የባላቸው ግንባር በላብ ረጥቦ አዩ። ሳጥኑን ከፈቱ። «አንተ ከነፋህ የሚቀጥለው ጡሩንባ ላንተ ነው። ቁጭ በል!»

ራሳቸው ወጥተው ነፉ። ድምፁ የፍየል ይመስል ነበር፤ ሰፈሩ ግን ነጠላውን አዘቅዝቆ እየሮጠ መጣ።

«ማን ሞተ? ማን ሞተ?»

«ማንም! እንዳይሞት ነው የጠራኋችሁ» አሉ ወይዘሮ ትሁኔ።

ጋሽ ዘርጋው ተነሡ። «ጎበዝ፣ ያን ቀን ያስጮህኳችሁ እኔ ነኝ፤ ተሳስቻለሁ። ልጅቷ ለእኛ ብላ ተምራ ዛፍ ሥር ቁጭ ብላለች። መጀመሪያ እኔን ትመርምረኝ።»

ያኔ ሰው ተስማማ፣ ዳኛው ወሰነ፣ ኃላፊው ክፍሉን ከፈተ። ሲስተር ሐሊማም መለኪያዋን የጋሽ ዘርጋው ክንድ ላይ ጠምጥማ ግፊታቸውን ለካች፣ ስለ ጨው ተቆጣች፣ ማዘዣ ጻፈች። ፋርማሲስቷ ኪኒን ሰጠች። ግፊታቸው ሲወርድም ሲስተር «አሁን ይችላሉ፤ ግን ቀስ ብለው ይንፉ» አለቻቸው።

ወይዘሮ ትሁኔም መልሰው የቆለፉባትን ጡሩንባ ከሳጥኑ አውጥተው ግድግዳው ላይ ሚስማሯ ላይ ሰቀሏት። ተረቴም እዚያው አጠገቧ ተንጠልጥላ ቀረች።