በሩን ነቅሎ የሄደው አናጢ

አንድ ባለጸጋ ነጋዴ ቡላ የሚባል ውሻ ነበረው። በዚያ ሰፈር “ቀን የተዘጋበት ውሻ ሌሊት ጀግና ነው” ይባላል። ነጋዴውም ይህንን አምኖ ቡላን ከንጋት እስከ ምሽት ጣውላ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ ይቆልፍበት ነበር። ሳጥኑ ጠባብ ስለሆነ ውሻው መዞር እንኳ አይችልም። ጥፋት ሲያጠፋም በዱላ እየተነዳ የሚገባው እዚያው ነው። እንግዲህ ከእንዲህ ያለ ሳጥን የሚወጣ ውሻ ምን ጠባይ ሊኖረው ነው?

አንድ ምሽት የነጋዴው ትንሽ ልጅ በሩን ስትከፍትለት እጇን ነከሳት። በማግስቱ ነጋዴው ዱባለ የተባለውን አናጢ አስጠራ።

“ከዚህ የጠበበ ሳጥን ሥራልኝ” አለው። “በዚያም ካልተገራ መርዝ አበላዋለሁ።”

ዱባለ ሳጥኑን ዞሮ አየና ሜትሩን ወደ ኪሱ መለሰ። “አልሠራም።”

“ምን አልክ?”

“ጌታዬ፣ እኔ የሬሳ ሳጥን ስሠራ እንኳ የሟቹን ቁመት እለካለሁ። በሕይወት ላለ ፍጡር ከዚያ አሳንሼ አልሠራም። ይህን ውሻ ክፋት ያስተማረው ሳጥኑ ነው።”

ነጋዴው የመጋዘኖቹን በርና መደርደሪያ ሁሉ የሚያሠራው በዱባለ ነበር፤ እንጀራውን እንደሚያሳጣው ነገረው። አናጢው ፍንክች አላለም። ነጋዴው ሰውየውን ማዋረድ አማረው።

“እሺ፣ ሠላሳ ቀን ሰጥቼሃለሁ። በራስህ ሳጥን ግራው። አንድ ሰው ቢነክስ ግን መርዙን በገዛ እጅህ ታበላዋለህ።”

ዱባለ የቡላን ቁመትና ርዝመት ለክቶ፣ ቆሞ የሚዞርበት፣ እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት ሳጥን ሠራለት። ጆንያ አነጠፈበትና በሩን ከፍቶ ተወው። ቡላ ግን ሳጥን ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ዝናብ እየመታውም ውጭ አደረ። ነጋዴው ከበረንዳው ሆኖ ሳቀ። ዱባለ ምግቡን ደጃፉ ላይ እያስቀመጠ በየቀኑ ስንዝር ስንዝር ወደ ውስጥ ገፋው። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን ውሻው ሙሉ በሙሉ ገባ። ማንም አልዘጋበትም። ከዚያ በኋላ በልቶ እስኪጨርስ ብቻ ይዘጋና ወዲያው ይከፈትለታል፤ ጊዜውም ቀስ በቀስ ረዘመ።

አንድ ቀን ቡላ ጫማ አኝኮ ተገኘ። ነጋዴው አንገቱን ይዞ ወደ ሳጥኑ ሲጎትተው ዱባለ በሩ ላይ ቆመ።

“እዚህ በቁጣ አይገባም።”

“በገዛ ግቢዬ?”

“ግቢው የእርስዎ ነው። ሳጥኑ የእሱ ነው።”

ነጋዴው ብዙ ቢያፈጥበትም ዱባለ አልተነሳም። በመጨረሻ ውሻውን ለቀቀው።

በሠላሳኛው ቀን ነጋዴው ታላቅ ልጁን ዳረ። ግቢው በሰውና በከበሮ ተሞላ፤ ቡላ ማንን ይነክስ ይሆን ብሎ ቤተሰቡ ሁሉ ሠጋ። ዱባለ “ቡላ፣ ቤትህ” አለው። ውሻው በእንግዶቹ እግር መሃል አልፎ ሳጥኑ ውስጥ ገባ። በሩ ሲዘጋም ተጠቅልሎ ተኛ። እንግዳው እንደተሸኘ ተከፈተለት፤ የነከሰው ሰው አልነበረም።

ነጋዴው ደስ አለው። “ጎበዝ፣ አሁንማ ለምዷል። ከነገ ጀምሮ ቀኑን ሙሉ ይዘጋበታል።”

ዱባለ ጉጠቱን አወጣና የበሩን ማጠፊያ ነቀለ። በሩንም ትከሻው ላይ አደረገው።

“ሳጥኑ ለቡላ ይቅር” አለ። “በሩን ግን ለእርስዎ አልተውም።”

የመጋዘኑን ሥራ በዚያው ቀን አጣ። ነጋዴው ሌላ በር እንዲሠሩለት የሰፈሩን አናጢዎች አንድ በአንድ ጠየቀ፤ ወሬው ደርሷቸው ነበርና እሺ ያለ አልተገኘም። ቡላም በር በሌለው ሳጥን ውስጥ በፈቃዱ እየገባ ይተኛል።

ወዳጄ፣ ሳጥንን ቤት ወይም እስር ቤት የሚያደርገው በሩን የያዘው እጅ ነው። መገደብ ማስተማሪያ የሚሆነው ለተገደበው ሲባል ሲደረግ፣ በልክ ሲሆንና በሩም በጊዜው ሲከፈት ነው። አንተስ በልጅህ ወይም በሠራተኛህ ላይ የዘጋኸው በር ለማን ምቾት ነው? ለራስህ ከሆነ፣ ጉጠት የያዘ ሰው ሳይመጣብህ ራስህ ክፈተው።