የጠራቢው ካርዶች

አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበረ። ብቻውን ይኖራል፣ ብቻውን ይበላል፣ ማንንም አስቸግሮ አያውቅም።

ጋሽ ደምሰው፣ «ድርጅቱ የሰጠኝ የስድስት ወር የጤና መድን አለ፤ በላዩ ሌላ ልጨምርበት ወይስ ይበቃኛል?» ብለው ጠይቀውኛል። አዎ ወይም አይ ብሎ መመለስ ቀላል ነበር። ግን ሁለቱም ባዶ ቃል ናቸውና መጀመሪያ የዚህን ሰው ነገር ይስሙ።

ጠራቢው ወደ ከተማው የመጣው ለመንገድ የሚነጠፍ ጥቁር ድንጋይ ሊጠርብ ነው። ሥራው የስድስት ወር ኮንትራት ነበር፤ አሠሪውም እንደ እርስዎ የስድስት ወር መድን አስገባለት። ሌሎቹ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ሲከቱ እሱ ተቀምጦ ከላይ እስከ ታች አነበበው። መድኑ የአልጋና የቀዶ ጥገና ይከፍላል። ከሆስፒታሉ ውጭ ለሚገዛ መድኃኒት አይከፍልም። ተኝቶ ከሥራ ለሚቀርበት ቀንም ምንም አይሰጥም። ጠራቢው ሞኝ አልነበረም፤ ጎዶሎው የት የት እንደሆነ አየና ሊሞላው ተነሣ።

በመጀመሪያ የአደጋ ተጨማሪ ሽፋን ገባ። ይህኛው፣ ሰውየው በአደጋ ምክንያት ሥራ ከፈታ፣ እስኪያገግም ድረስ የየቀኑን ይከፍለዋል፤ የራሱ ካርድም አለው። ቀጥሎ የቅናሽ ካርዶች አወጣ፤ አንዱ የመድኃኒት ቤት፣ አንዱ የጥርስ ሐኪም፣ አንዱ የላቦራቶሪ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። የቅናሽ ካርድ መድን አይደለም። መድን ይከፍልልዎታል፤ የቅናሽ ካርድ ግን እርስዎ ከሚከፍሉት ላይ ያቃልልልዎታል እንጂ አንዲት ሳንቲም አይከፍልም። ጠራቢው ይህንንም ለይቶ ያውቅ ነበር። ካርዶቹን በላስቲክ አስሮ በደረት ኪሱ ይዟቸው ይዞር ነበር።

የሰፈሩ እድር ዳኛ አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቆሙት።

«አንተ ሰውዬ፣ እድር አትገባም?»

«እድር የሟች ነው አባባ። እኔ ገና አልሞትኩም።»

«ለታመመም እኮ ሰው እንመድባለን። በተራ ነው የምናስታምም።»

«ለሕመሙ ካርድ አለኝ።» ደረቱን መታ መታ አደረገ።

ሽማግሌው ሳቁ። «እንግዲህ ስትታመም ካርድህ ገንፎ ያገንፋልህ!»

ጠራቢው አልተቀየመም። ሰው ውለታ ይቆጥራል፣ ካርድ ግን አይቆጥርም ብሎ የሚያምን ሰው ነበር። በልጅነቱ በዘመድ ቤት አድጓል፤ የበላው ሁሉ ሲነገረው ኖሯል። ስለዚህ የማንንም እጅ ላለማየት ለራሱ ቃል ገብቶ ነበር። ቅጾቹን ሲሞላ «ተጠሪ» የሚለው መስመር ላይ ሲደርስ ብዕሩን ያዝ ያደርግና፣ የራሱን ስምና የራሱን ስልክ ጽፎ ያልፋል።

በአምስተኛው ወር አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ድንጋዩን በመሮ ሲመታ ስንጣሪ ፈናጥሮ ግራ ዓይኑ ገባ። የመከላከያ መነጽሩ በላብ ስለጨለመበት ግንባሩ ላይ ሰቅሎት ነበር። ፎርማኑ በባጃጅ ሆስፒታል አደረሰው፤ የመድኑን ወረቀት አስመዘገበና «አይዞህ» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ። መድኑ እንደተባለው ሆነ። በዚያው ቀን ስንጣሪውን አወጡለት። ሐኪሙም የተጎዳው ዓይን እንዳይንቀሳቀስ ደህነኛውንም ጨምሮ ሁለቱንም አሰረና «አምስት ቀን እንዲሁ ትቆያለህ» አለው።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ አንድ ወረቀት እጁ ላይ አኖረች።

«ይህ ጠብታ እኛ ጋ አልቋል፤ ከውጭ ይገዛ። ዛሬውኑ መጀመር አለበት፤ ካመረቀዘ ዓይኑን ታጣዋለህ። አስታማሚህ የታለ?»

«የለኝም።»

«አስታማሚ የሌለው ሰው አለ እንዴ? ተጠሪ ብለህ ያስጻፍከው ቁጥር ይኸው አይደል፤ ልደውልለት።»

አፉን ከመክፈቱ በፊት ደወለች። ስልኩ እሱው ትራስ ሥር ጮኸ።

ከወዲያኛው ጥግ አንዱ በሽተኛ፣ «ሰውዬው ራሱን ሊጠይቅ መጣ!» አለና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ሁሉም ነገሩ ገባቸው መሰለኝ ሳቁ በአንድ ጊዜ ቀጥ አለ። ጠራቢው ስልኩን በዳበሳ አጠፋ። ዓይኑን ቢያወጡበት ይሻለው ነበር። ነርሷን ሌላ በሽተኛ ጠራት፤ ወረቀቱን እንደያዘ ትታው ሄደች።

ካርዶቹን አወጣ። በጣቱ ዳሰሳቸው። አራቱም አንድ ዓይነት ልሙጥ ፕላስቲክ ናቸው። የቱ የቱ እንደሆነ አላወቀም፤ ቢያውቅስ ማን ይዞት ይሂድ?

ከጎኑ አልጋ ባለቤታቸውን የሚያስታምሙ አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ሰውየው የዓይን ሞራ ተገፎላቸው ነው የተኙት።

«ልጄ፣ እስቲ ወዲህ በለው» አሉ ሴትዮዋ።

«አይ፣ ግድ የለም እናቴ።»

«እንዴት ግድ የለም? ዓይን እኮ ነው!»

ለራሱ የገባው ቃልና ዓይኑ ተያዩ። እጁን ወደ ጨለማው ዘረጋ፤ ካርዶቹን፣ ወረቀቱንና ብሩን አንድ ላይ ሰጣቸው።

«የመድኃኒት ቤቱን ካርድ ነው የሚፈልጉት፤ ስሙን ያንብቡልኝ።»

«ፊደል መች ቆጠርኩና! ሥዕሉን ልንገርህ። አንዱ ጥርስ አለበት።»

«እሱን ይተዉት።»

«አንዱ እጅ ለእጅ የተያያዙ ሰዎች።»

«እሱም ይቆይ።»

«አንዱ... በስመ አብ! እባብ ጽዋ ላይ ተጠምጥሞ!»

«እሱ ነው! እሱ ነው መድኃኒት ቤቱ!»

«እባብ ይዤ ልሂድ?» አሉ፤ ባለቤታቸው ከአልጋቸው ሳቁባቸው። «ሂጂ እንጂ፣ አይነድፍሽ! እኔን ስንት ዓመት ችለሽ!»

ሄዱ። ጠራቢው የኮሪደሩን ኮቴ እየቆጠረ ጠበቀ። መጀመሪያ መንገዱ ይጠፋቸዋል ብሎ ፈራ። ቀጥሎ ብሩን ይዘው ይቀራሉ ብሎ ጠረጠረ፤ ባለቤታቸው ከጎኑ ተኝተው እያንኮራፉ እንኳ ጠረጠረ። ከቀትር በፊት ቀዝቃዛ ብልቃጥ መዳፉ ላይ ተቀመጠ፤ የተመለሰው ብርም አብሮ ነበረ። «በእባቡ ቀነሱልኝ» አሉ ሴትዮዋ። ጠብታው በሰዓቱ ተጀመረ።

አሁን ያድምጡ ጋሽ ደምሰው፤ ነገሩ የዞረው እዚህ ጋ ነው።

ሴትዮዋ ካርዶቹን መልሰው እያስያዙት፣ «እኛ ነገ እንወጣለን። በመንገዴ አደርስልሃለሁ፤ ሌላ የምትልከኝ አለ?» አሉት።

አለ። እጅ ለእጅ የተያያዙ ሰዎች ያሉበት ካርድ የአደጋው ሽፋን ነው። የየቀኑ ክፍያ እንዲሰጠው፣ ሰውየው ራሱ ወይም የላከው ሰው ከአደጋው በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ የሆስፒታሉን ማስረጃ ቢሮ ድረስ መውሰድ አለበት። ጠራቢው ይህን ቃል በቃል ያውቀዋል። ግን በአንድ ቀን ሁለቴ ማስቸገር አቃተው። ይሉኝታ ያዘው።

«የለም እናቴ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«የለም።»

በማግስቱ ሴትዮዋ ባለቤታቸውን እየመሩ ወጡ። አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኛ፤ አስታማሚዎቹ ግን በየቀኑ የሚቀያየሩ ስለነበሩ ጠራቢው ከማንም ድምፅ ጋር አልተላመደም። በጥየቃ ሰዓት ክፍሉ በሰው ይሞላል፤ የምሳ ዕቃ ክዳን ይንኳኳል። ሌላውን ሊጠይቁ የመጡ ሰዎች በአልጋው አጠገብ ሲያልፉ «እግዜር ይማርህ» ይሉታል። «አሜን» ይላል፤ ፊቱን ወደ ድምፁ ሲያዞር ግን ሰውየው አልፎ ሄዷል። አንድ ቀን ግርጌው ላይ ሁለት ብርቱካን አገኘ። የማን ነው ብሎ ቢጠይቅ የሚመልስለት አጣ። አልበላቸውም፤ ሲወጣ እዚያው ተዋቸው።

ማሰሪያው ሲፈታ ግራ ዓይኑ ብርሃን ለየ፤ ቀስ በቀስም የሐኪሙን ጣት ቆጠረ። ዓይኑ ተርፏል። «አርባ ቀን መሮ እንዳትነካ» አሉት። ከሆስፒታሉ በቀጥታ ወደ አደጋው ሽፋን ቢሮ ሄደ።

ጸሐፊው ማስረጃውን አገላበጠ። «ሦስት ቀን አልፏል እኮ ወንድሜ።»

«ሁለት ዓይኔ ታስሮ ነበር።»

«ገብቶኛል። ግን በተወካይም ይቻላል ይላል። የምትልከው አንድ ሰው አላገኘህም?»

ጠራቢው ማስረጃውን አጣጥፎ ኪሱ ከተተ። አግኝቶ ነበር። የአርባውን ቀን ገቢ ያሳጣችው አንዲት ቃል ነበረች፤ ያቺን ቃል የተናገረው ደግሞ ራሱ ነው። አርባው ቀን ሳይሞላ ኮንትራቱ አለቀ፤ የስድስት ወሩ መድንም አብሮ አለቀ። ጠራቢው በሩን ዘግቶ፣ በዳነ ዓይኑ ግድግዳ እያየ፣ ያለውን እየቆጠበ ተቀመጠ።

እንግዲህ ጋሽ ደምሰው፣ ጥያቄዎ ልጨምር ወይ ነበር። ይጨምሩ። የስድስት ወር መድን አጭር ጋቢ ነው፤ ራስን ሲሸፍኑት እግር ይወጣል። ተጨማሪው ሽፋን እግርዎን ይሸፍን፤ የቅናሽ ካርዱም የመድኃኒቱን ሸክም ያቅልልልዎ። ወረቀቱን አብረን እናነበዋለን፣ የትኛው ምን እንደሚሞላ እለይልዎታለሁ። ግን የጠራቢው ሁለት ካርዶች፣ የመድኃኒት ቤቱና የአደጋው፣ በአንድ ኪስ ውስጥ እንደነበሩ አይርሱ። አንዱ ዓይን አዳነ፤ ሌላው ፕላስቲክ ሆኖ ቀረ። ልዩነታቸው አንዱን ሰው ይዞት መሄዱ ብቻ ነው። ጋቢም እኮ በሽተኛ ላይ ራሱ አይወጣም፤ የሚያለብስ ይፈልጋል።

እርስዎም እንደ ጠራቢው ሰው ማስቸገር የማይወዱ መሆንዎን አውቃለሁ። ባለቤትዎ እትዬ ካረፉ ወዲህ ደግሞ ብሶብዎታል፤ ባለፈው ሳምንት በትኩሳት ሦስት ቀን ተኝተው እንደነበር የሰማነው ከተነሡ በኋላ ነው። ስለዚህ ካርዱን ከማውጣትዎ በፊት አንድ ነገር ይልመዱልኝ። ሰው መጥቶ «የሚልኩኝ አለ?» ሲልዎት፣ አለ ይበሉ።