የጌታ ጉርሻ

አንድ አጋፋሪ ነበር፤ ስሙ አንለይ ይባላል። በአንድ ባላባት ደጅ ቆሞ አቤት ባይን ወደ ጌታው እንዲያስገባ ነበር የተሾመው፤ የሚውለው ግን ሰው ሲመልስ ነው። ጌታው በወጣ በገባ ቁጥር ወገቡን አጥፎ እጅ ይነሣል። ገበታ ሲቀርብ ደግሞ ጌታው በገዛ እጁ ያጎርሰዋል። ጡጫ የሚያህል፣ በርበሬ የጠገበ የሥጋ ጉርሻ ነው። ጎንበስ ብሎ መዋጥ ነው እንጂ «በቃኝ» ማለት ነውር ነው፤ የጌታን እጅ መመለስ ነዋ።

እንዲህ ሲል ከርሞ ሆዱ ይነፋው፣ ያቃጥለው፣ የበላው አልረጋለት ይል ጀመር። ወገቡም ቁርጥማት ያዘው፤ ተቀምጦም ተኝቶም አይለቀው። ወጌሻ አሸው፤ አልሆነም። ጠበል ተጠመቀ። ኮሶ ጠጣ። መጨረሻ ላይ አንድ ስመ ጥር መድኃኒት አዋቂ መጣና «ለመሆኑ ምን ትበላለህ?» አለው።

«ከጌታዬ እጅ የመጣውን።»

ሰውየው ወደ እልፍኙ ገልመጥ አለና «እንግዲያው ኮሶውን ድገመው» ብሎ ውልቅ አለ። በሽታውን አውቆታል፤ ማንን እንደፈራም እኛ እናውቃለን። ምስኪኑ አንለይ ግን በከንቱ አንጀቱን አጠበ።

ክረምት ሲገባ የባላባቱ ሎሌዎች «ሣራችንን በላ» ብለው የአንዲት ባልቴት በሬ ነድተው አመጡ። ባልቴቲቱ እመት የውብዳር ያላቸው እሱ ብቻ ነው፤ ከጎረቤት በሬ ጋር እያቀናጁ ያሳርሱበታል። ዝናቡ ጥሏል። ዘር ካለፋቸው የሚያሳድጓቸው የልጅ ልጆች ጦም ማደራቸው ነው። ስለዚህ ዳኝነት ሊጠይቁ በየማለዳው ደጅ ይጠናሉ፤ አንለይም በየማለዳው «ጌታዬ ተኝተዋል፣ ነገ ይመለሱ» ይላቸዋል።

«እሺ፣ ነገ እመለሳለሁ» አሉት አንድ ቀን። «ብቻ አያ አንለይ፣ ቡሬዬ ድርቆሹን ይበላል? የማያውቀው እጅ ሲሰጠው እምቢ ይላል። ግንባሩን እከክ አድርግለት፤ ያኔ ይበላል።»

አንለይ ወገቡን ይዞ ወደ ጓሮ ዞረ። በሬ የለም። አጥሩ ሥር ግን ነጭና ጥቁር ቆዳ በካስማ ተወጥሮ ደርቋል።

«ይሄ መቼ ታረደ?» አላት ወጥ ቤቷን።

«ከታረደ ሰነበተ። ምነው፣ ስትጎርሰው አልነበር እንዴ?»

እዚያው ጎንበስ ብሎ አስመለሰ። ከዚያ ንዴቱ መጣ፤ መጀመሪያ በጌታው፣ ቀጥሎ በዚያ ኮሶ አዛዥ፣ መጨረሻ በራሱ። በራሱ የተናደደው ባሰ።

ምሳ ቀረበ። ጌታው እንደ ልማዱ ጠቅልሎ ዘረጋለት። አንለይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ጎንበስ በል እንጂ፣ ምን ሆነሃል?»

«አልጎርስም። የእመት የውብዳር በሬ ነው። እሳቸው ደጅ ቆመው ድርቆሽ በላ ወይ እያሉ ይጠይቁኛል።»

ጌታው ጉርሻውን ፊቱ ላይ ወረወረበት፤ ሎሌዎቹም እየገፈተሩ ከደጅ ጣሉት።

ተነሥቶ ወደ እመት የውብዳር ቤት ሄደ። እውነቱን ሲነግራቸው አላለቀሱም፤ አልመረቁትምም።

«ቡሬ እንኳ ከማያውቀው እጅ አይበላም ነበር» አሉት። «አንተ ግን ነገ ይመለሱ እያልክ በሬዬን በላህብኝ።»

አንለይ ቤቱ ሄደና ሚስቱ እየጮኸችበት የራሱን በሬ ፈትቶ አመጣላቸው። ማሳቸው ታረሰ፤ ዘሩም ሳያልፍ ተዘራ። ሆዱ በጎመንና በሽሮ እያደር ሰከነለት። ወገቡ ግን ዛሬም ያመዋል፤ ስንት ዘመን የጎበጠ ወገብ በአንድ ቀን አይቃናም።

እንግዲህ ልብ በሉ። የሚያሳምመንን እያወቅን የሚያጎርሰንን እጅ ስለምንፈራ ከወጌሻ ወጌሻ እንዞራለን። በግፍ የመጣ ጉርሻ ካልጎነበሱለት አይዋጥም፤ ከዋጡትም አይረጋም። እናንተስ፣ አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ደጅ የቆመው ሰው በሬ የት ገባ?